መንታ እንጥል

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ምንትዋብ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ዓይንሽስ? ከአያና፣ ከቀዬሽ ወጥተሽ ቡሬ ከገባሽ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብለሽ ነበር፤ አሁን ትተኛለሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ስለለመድሁት ነው። ደክሞኛል፤ እግሬም አብጧል።

ወንድሜ ሠርፀ፣ ይህን ስታነብላት ከታች ያለውን እንዳትዘል። በስልክ ልነግራት ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ለአልትራሳውንድ ሄድሁ። ባለቤቴ ጂሩ ሲያስተምር ስለሚውል አማቴ አዮ ዓባይነሽ ተከተሉኝ። ሐኪሟ ሕብረት ትባላለች፣ ልጅ እግር ናት። ሆዴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ስታንሸራትት፣ አዮ ምስሉን አይተው ይሄ ደመና ነው እንጂ ልጅ አይደለም አሉ። ሐኪሟ እየሳቀች አፍንጫውን፣ ከንፈሩን አሳየቻቸው።

ከዚህ በፊት ወልጄ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንድ ሴት፣ በአሥራ ዘጠኝ ቀኗ ሞተች አልኋት። ወተቱ በአፍንጫዋ ይመለስ ነበር፤ እንጥሏ ወርዷል ተብሎ ተቆረጠላት። ለምን እንደጨመርሁት አላውቅም፣ እኛ ቤት እንደ ተአምር የሚወራውንም ነገርኋት፤ ቆራጩ አባ መሸሻ አፏን ከፍተው እንጥሏ መንታ ነው ማለታቸውን፣ ሁለቱንም መቁረጣቸውን።

የሐኪሟ እጅ ቆመ።

እንጥል መንታ ሲሆን ብዙ ጊዜ ላንቃው የተሰነጠቀ ነው አለችኝ። የአፏ ጣራ ከኋላ ክፍት ነበር ማለት ነው፤ ወተቱም የሚመለሰው በዚያ ነበር። ከንፈሯ ሙሉ ስለነበር ማናችንም ወደ ውስጥ አላየንም። ቀና አድርገን በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ብንሰጣት ምናልባት ታድግ ነበር። ኋላም ላንቃዋን ይሰፉላት ነበር። ነበር የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አትጠይቂኝ።

የዚህኛው ከንፈር ሙሉ ነው። ላንቃውን ግን የፊት አጥንት ይጋርደዋል፣ በመሣሪያው እምብዛም አይታይም አለች። በጎን አስተኝታኝ ደግማ ሞከረች። ልጁም እጁን ፊቱ ላይ ጫነ። ሲወለድ አፉ በመብራትና በጣት ይታያል፤ እስከዚያ አላውቅም። መንገድ ላይ አዮ ዋቃ ያውቃል አሉኝ። እግዜር ማወቁን አውቃለሁ። አለማወቅ የከበደው እኔን ነው።

እማዬ፣ ቆራጩን ስለጠራሽ አልፈርድብሽም ብዬ ጻፍሁና ሰረዝሁት። እንደገና ጻፍሁት። ሲቆርጧት እግሯን የያዝሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ ላይ እወልዳለሁ። ነይልኝ። ቆራጭ አይጠራም፤ ቅቤም አታቅምሺውም። ግን ለአራስ ልጅ ሁሉ ቅቤ የምታቀምሺባትን የትንሿን ጣትሽን ጥፍር ቆርጠሽ ነይ። አዋላጇ አይታ ስትጨርስ፣ አንቺም በሳሙና ታጥበሽ ላንቃውን ዳስሺው። እሷ ደኅና ነው ብትለኝ አላምናት ይሆናል። ክፍትም ይሁን ደኅና፣ ካንቺ አፍ ልስማው።

ሠርፀን፣ ሚስቱን አዜብን፣ ትንሹን ቂርቆስን በየስማቸው ሳሚልኝ። ጂሩና አዮም እንዴት ነሽ ይሉሻል። አባ መሸሻ ቡሬም ጎረቤትሽ ከሆኑ ሰላም በያቸው። ይህን ግን አትንገሪያቸው፤ አርጅተዋል።

ልጅሽ በዛብሽ
ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
የካቲት ፳፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.