ወደ ግራ ስታዘነብል የምትጮኸው

ጥር 4
ዳቦ በሞተር ሳይክሏ አደረስኩ፣ ተመለስኩ። እንደ ትናንቱ። ሞተሯ ግን ታጉረመርማለች... ከወደ ፊት፣ ድንጋይ እንደገባበት ወፍጮ። ቁልቁለቱ ላይ አጥፍቻት ወረድኩ። ድምፁ አለ፤ ከሞተሩ አይደለም ማለት ነው። ፍሬን ስይዝም ያው። ወደ ግራ ሳዘነብል ግን ይብሳል።

ጥር 6
የፊት ጎማውን በሳጥን አንስቼ፣ ላይና ታቹን ይዤ ወዘወዝኩት። ቀጭ ቀጭ ይላል። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቋል። ሚስቴ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ምን ሆነች አለችኝ። ምንም፣ እያጸዳኋት ነው አልኳት።

ለምን ዋሸሁ? አውቀዋለሁ እንጂ። አማቼ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ወደ እንጨት ሥራዬ ልመለስ ባልኩ ቁጥር ይቺ ሞተር የቆመች ቀን ሸጠናት ትገላገላለህ ይሉኛል። የምንኖረው እሳቸው ግቢ፣ የምንበላው ከእጃቸው። በምን አፌ እምቢ ልበል? ትቁም እንግዲህ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

ጥር 11
አማቼም ሰሙት። መካኒክ ጋ ወሰዷት፤ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ላልቷል ብሎ ቀየረላቸው። ግቢ ውስጥ ነድተው፣ ይኸው ጸጥ አለች አሉ። ግቢ ውስጥ ማን ያዘነብላል?

የድሮው አለቃዬ፣ አናጢው፣ ከዚህ ወር በላይ ቦታህን አልጠብቅም ብሎ ልኮብኛል። እኔም ጥርሴን ነክሼ በዝግታ እነዳለሁ። መውጫው ጠፋኝ... ታንቄያለሁ።

ጥር 15
አሁንስ እጀታው ላይ ሁሉ ይሰማኛል። ብዙም አልቀራት። ደስ አለኝ። ይሄ ደስ ይላል እንዴ?

ጥር 17
እሑድ። ሞተር ሲነሳ ሰምቼ ነቃሁ። በመስኮት አየሁ... አማቼ መሪውን ይዘዋል፣ ሚስቴ ከኋላቸው። የታመሙ አክስቷን ሊጠይቁ። በባዶ እግሬ ወጥቼ በሩ ላይ ተገተርኩ።

«አባባ፣ ይውረዱ። የፊቱ ኩሽኔታ አልቋል። መንገድ ላይ ጎማው ድርቅ ብሎ ይጥላችኋል።»

ወዝውዘው አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ አቀፉኝ። ይህ ልጅ ዛሬ ባይሰማ ኖሮ እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። ዛሬ! አንገቴን ደፋሁ።

ሚስቴ ተከትላኝ ቤት ገባች። በሩን ዘጋችና፦

«አባባ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ትወጣ ነበር?»

አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እወጣ ነበር እኮ... እወጣ ነበር?

ጥር 18
ሚስቴ ምሳዬን አስቀምጣልኝ ወጣች።

ጥር 24
አዲስ ኩሽኔታ ገብቶላት ድምፅ የሚባል የላትም። አማቼ ሁለተኛ ሞተር ገዙ። ካንተ ጆሮ ሌላ አላምንም፣ ሁለቱንም አንተው ያዝልኝ አሉ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ለአናጢው፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጠው ብዬ ላክሁበት።

አስቀድሜ ማወቄን ሚስቴ ለአባቷ አልነገረችም። ብትነግራቸው ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ አየኋት። ወደ አክስቷ ናት። ሩቅ ነው፣ ፀሐዩም ከሯል። ላድርስሽ፣ ሞተሯ ደህና ናት፣ እኔ ራሴ ሰምቻታለሁ አልኳት።

«በእግሬ እሄዳለሁ» አለችኝ።