የአየነው ልጅ

ውድ አባቴ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው በጤና ጥያቄ ነው። በልጅነቴ ለአጎቴ ሲያጽፉኝ «መጀመሪያ ጤናውን ጠይቂ፣ ወሬው ይደርሳል» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ለእርስዎ ስጽፍ ያን መስመር መዝለል ግድ ሆነብኝ። የለመዱት ቃል ከቦታው ሲጎድል ምን ያህል እንደሚያስታውቅ የገባኝም ሰሞኑን ነው። የምጽፍልዎም ስለዚሁ ነው፤ ነገሩን ከእኔ በላይ የሚረዱት እርስዎ ነበሩና።

መንገድ ተከፍቷል፣ አባዬ። ቆሰበርም ቀስ እያለች ወደ ራሷ እየተመለሰች ነው። ሰው ሁሉ እንጅባራ ሲል እርስዎ ቆሰበር ማለቱን አልተዉምና እኔም ለእርስዎ ስጽፍ ቆሰበር እላለሁ። የቀርከሃ ወንበሮቹ ተመልሰው አስፋልቱ ዳር ተደርድረዋል። የድንች ጆንያ ወርዷል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ፍራሻቸውን ተሸክመው እየገቡ ነው። ባንኩ በር ላይ ያለው ሰልፍ እስከ ዳቦ ቤቱ ይደርሳል፤ ከሰልፉ ግማሹ ሥራ ኖሮት ሳይሆን ሰው ናፍቆት የቆመ ይመስለኛል። የባጃጅ ጡሩምባ ያማርር የነበረው ሰው አሁን ሲሰማው ደስ ይለዋል። ሆኖም ባለሱቆቹ አንዱን መዝጊያ ከፍተው ሌላውን እንደዘጉት ነው የሚውሉት። ጎማ ሲፈነዳ ሁላችንም እንደነግጥና ቀጥሎ ተያይተን እንስቃለን። እኔም የፎቶ ኮፒ ቤቴን በዚሁ ዓይነት፣ በአንድ መዝጊያ፣ ከፍቻለሁ።

እርስዎ ያረፉት መንገዱም ስልኩም በተዘጋበት ወቅት ነበር። ያ የደረትዎ ሕመም ጸንቶ በገዛ አልጋዎ ላይ፣ እጄን እንደያዙ ነው የሄዱት። የቀበርንዎ ጎረቤቶች ብቻ ነን። ያን ሁሉ ዘመን የፈረሰኞቹ አለቃ ሆነው ኖረው፣ በቀብርዎ ቀን አንድም ፈረስ አልወጣልዎትም። ጓደኛዎ አያ ሽባባው መቃብሩ አጠገብ ቆመው «ይህ ቀብር እንጂ ለቅሶ አይደለም» አሉ። እኔም ይህን ቃል በሆዴ ይዤ ከረምኩ።

ወንድሜ ምንይችል ደግሞ አልሰማም። ጫግኒ ማለት በደህናው ቀን ቁርስ በልቶ ወጥቶ ለምሳ የሚደረስበት አገር ነው። በዚያ ወቅት ግን ልጅዎ እዚያ የእህል መጋዘኑ ውስጥ፣ እኔ እዚህ፣ በመካከላችን ባሕር ያለ ይመስል ነበር። ስልኩ በተከፈተ ማግስት ደወለ። «አባዬን አገናኚኝ» ሲለኝ ፈረሱን ዳማን ውኃ ሊያጠጡ ወርደዋል አልኩት። በሌላ ቀን ሲደውል ቤተ ክርስቲያን ናቸው አልኩ። መርዶ በስልክ አይነገርማ። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

በዚህ አገር መርዶ የሚነገርለት ቤት ሲኖር መጀመሪያ የሚጠሩት እርስዎ ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ነጠላዎን አጣፍተው ሲወጡ አያለሁ። አንድ ቀን፣ ሰውዬውን ገበያ ላይ አግኝተውት ሳለ ለምን እዚያው እንዳልነገሩት ብጠይቅዎ «ሰው ሞት ሲሰማ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል። መንገድ ላይ ማን ይይዘዋል?» አሉኝ። ስለዚህ አያ ሽባባው ሽማግሌ ይዘው ጫግኒ ሊወርዱ፣ ልጁን በጎህ ቤቱ ድረስ ሄደው ሊያረዱት ተነጋግረን፣ ሚኒባስ ሁሉ ፈልገን ነበር።

ልጅዎ ግን መቼ ይጠብቃል? ልንወርድ ባሰብንበት ዋዜማ ስልኬ ጮኸ። «እታለም፣ ቆሰበር መናኸሪያ ነኝ። ለአባዬ እንዳትነግሪያቸው፣ ድንገት ከች ልበልባቸው» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ያለው ደስታ አንጀቴን በላው። እዚያው ቆይ፣ መጣሁ አልኩና ለአያ ሽባባው ደወልኩ።  እሳቸውም ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ነገ ጎህ ሲቀድ ቤት እንደሚመጡ፣ እስከዚያ ልጁ ከማንም አፍ እንዳይሰማ ነገሩኝ። «መንገዱን ለእኔ ተይው፤ አንቺ ልብስሽንና አፍሽን ያዢ» አሉኝ።

ልብሴ ጥቁር ነበር፣ አባዬ። ጎረቤቴን ወይዘሮ ሽታዬን ያውቋቸዋል፤ ክርና ጨርቅ፣ የፈረስ ጌጥም የሚሸጡት። ነገሩን ስነግራቸው ከተሰቀለው ሁሉ አበባማ ቀሚስ አውርደው ከመደርደሪያው ኋላ አስገቡኝ። የተቆረጠ ጸጉሬን በቢጫ ሻርፕ ሸፈኑልኝ። ጥቁሩን ሳወልቅ ከእርስዎ ፊት የቆምኩ ያህል አፈርኩ። በመስታወቱ ውስጥ ሠርግ የተጠራች ሴት ነበር የምመስለው።

በዚህ መካከል አያ ሽባባው ባጃጅ ይዘው ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን ድረስ በየሱቁ፣ በየመጠጥ ቤቱ በር እየቆሙ «የአየነው ልጅ መጥቷል፣ አልሰማም፤ ስለ አባቱ እንዳታነሱበት» እያሉ አስጠነቀቁ። እግረ መንገዳቸውን ፖሊሱንም ሊስትሮውንም አልዘለሉም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሰው ሁሉ አፉን ገጥሞ ጠበቀን።

ምንይችል ከስቷል። አቧራ ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ቆሞ አገኘሁት። ተቃቅፈን ተሳሳምን፤ ወዲያው «አባዬስ?» አለኝ። ለሽምግልና ዳንግላ ሄደዋል፣ ነገ ይመጣሉ አልኩ። «ደግሞ ማን ተጣላ?» አለ። ሰው መቼ ሳይጣላ ያድራል ብዬ ሳቅኩ። ሳቄ ለራሴም ደስ አላለኝም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው። እሱ ግን ተከትሎኝ ሳቀ።

እዚያው ባጃጅ ነጂው ሀብቱ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው፣ ዘሎ አቀፈው። «ምንይችል! እንኳን በደህና ገባህ!» እያለ የጫግኒን ሙቀት፣ የመንገዱን ነገር፣ የእህሉን ዋጋ ሁሉ ጠየቀው። በባጃጁ ላድርሳችሁ ብሎም ለመነ። ምንይችል ሀብቱን ትክ ብሎ አየውና በእግር እንሂድ፣ ከተማዬን ልያት አለ። እኔ በልቤ ወንድሜን ረገምኩት። በባጃጅ ቢሆን በጥቂት ደቂቃ ያለቅ የነበረው መንገድ ሙሉ ከተማ ሆነብኝ።

ሄድን። የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩት ሽማግሌ ከሥራቸው ተነስተው ቆባቸውን አውልቀው «ምንይችል፣ እንኳን መጣህ» አሉት። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በር ድረስ ወጥታ ትኩስ ዳቦ አስያዘችው። የባንኩ ሰልፍ ላይ የቆሙት አንድ በአንድ ጨበጡት፤ ተራቸው እንዳያመልጥ አንድ እግራቸውን ሰልፉ ውስጥ ትተው ነበር የሚስሙት። ሁሉም ፈገግ ይላል፣ ሁሉም ስሙን ይጠራል። ማንም ቃል አላመለጠውም። በከተማዬ ኮራሁ፣ አባዬ። ስንት ጊዜ እርስ በርስ ስንፈራራ ከርመን፣ አንድ ልጅ መንገድ ላይ እንዳይሰበር ያ ሁሉ ሰው ተባብሮ ዝም ሲል ማየት እንባዬን አመጣው። አቧራ ገባብኝ አልኩት።

ወይዘሮ ሽታዬ ሱቅ ስንደርስ ቆመ። ቀይ የክር ጌጥ፣ ያ ፈረስ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፋፋ፣ ከበሩ በላይ ተሰቅሎ ነበር። «ይህን ስጡኝ፣ ለዳማ ነው» አለ።  ለእርስዎ ስጦታ መግዛቱ ነው ብዬ አሰብኩ። ነገ እርስዎ ከዳንግላ ሲመለሱ ዳማን አስጊጦ ሊቀበልዎ ነው ብዬ አሰብኩ። በጫማ ማሰሪያ ዋጋ እንኳን የሚከራከር ልጅ የተጠየቀውን ከፈለ። ወይዘሮ ሽታዬ ጀርባቸውን ሰጥተውን ነው የጠቀለሉለት፤ ለረጅም ጊዜ ጠቀለሉት።

ቤት ስንገባ የእርስዎን መደብ አልፎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ያቀረብኩለትን ጥቂት ቀምሶ ወደ ዳማ ወጣ። በግድግዳው በኩል ሲያወራው እሰማለሁ። ያወራው በአዊኛ ነበር። ያስታውሳሉ፣ ለፈረስ በአማርኛ ሲያወራ «ዳማ የት ተምሮ?» እያሉ ይስቁበት ነበር። ልጁ ለምን በእርስዎ ቋንቋ እንዳወራ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስኪነጋ ያድርስልኝ።

በጎህ አያ ሽባባው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲመጡ በሩን ልከፍት ተነሳሁ። በሩ ተከፍቷል። ምንይችል ለብሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አያ ሽባባው አንድ አፍታ ደንገጥ አሉ፤ ግን የመጡበትን አልተዉም። እርስዎ ያደርጉት እንደነበረው አጠገቡ ተቀመጡ፣ እጁን ያዙት፣ ስለማይቀረው የሰው መንገድ ጀመሩ፣ ከዚያ ስምዎን ጠርተው ነገሩት። እሱም አላቋረጣቸውም። ሁሉንም፣ እስከ መጨረሻው፣ ሰማ። ከዚያ ጮኸ። አራት ሽማግሌ ተጋግዞ ያዘው። እኔም ያን ጊዜ ነው ጥቁሬን መልሼ የለበስኩት፤ ያን ጊዜ ነው ደግሞ እንደ ልጅ ያለቀስኩት።

በሳምንቱ ፈረስ ወጣልዎት፣ አባዬ። ከባንጃም ከፋግታም ፈረሰኛ መጣ። መንገዱ ተዘግቶ የከረመበት ሰው ሁሉ ያልደረሰውን ለቅሶ ሊደርስ ወጣ፤ ከእርስዎ ጋር የራሱን ሟች የሚያለቅስም ብዙ ነበር። ዳማ በእርስዎ ኮርቻ ተጭኖ፣ ካባዎ በላዩ ተጥሎ፣ ያ ቀይ ጌጥ አንገቱ ላይ ሆኖ መካከል ላይ ዞረ። የሚስበው ምንይችል ነበር። ሴቶቹ ሲያዩት «የአየነው ልጅ፣ ወይኔ የአየነው ልጅ» አሉ። እሱም ያን ሲሰማ ቆሞ ዳማ አንገት ላይ ተደፋ።

ማምሻውን፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ የዳማን ጌጥ ሲያወልቅ አጠገቡ ቆምኩ። ይህን የገዛኸው እኮ አባዬን ልትቀበልበት ነበር አልኩት። እጁን ከክሩ ሳያነሳ፣ ለዛሬ ነው የገዛሁት አለኝ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«መናኸሪያው ላይ ነው ያወቅሁት። ሀብቱ በስሜ ጠራኝ። በዚህ ከተማ እኔ መቼ ስም ኖሮኝ ያውቃል፣ እታለም? ከተወለድኩ ጀምሮ የአየነው ልጅ ነኝ። ከልብስ ሰፊው እስከ ቄሱ ሌላ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ሁሉም ምንይችል አለኝ። አባትህ ደስ ይላቸዋል ያለኝም አንድ ሰው አልነበረም።»

 ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ እጅ ሲጨብጥ፣ ዳቦውን ሲቀበል፣ አብሮኝ ሲስቅ፣ አውቆ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። ያንን የሰው ቀሚስ ለብሰሽ፣ እዚያ አስፋልት ላይ። ከዚያ እኔን ማን ይይዘኝ ነበር? አንቺንስ?»

እኔ እሱን ይዤ ከተማውን ያሻገርኩት መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ ነው እኔን ይዞ ያሻገረኝ። እርስዎ ያሉትን ቃል ለእኔ ብቻ የነገሩኝ ይመስለኝ ነበር፤ እሱም በልጅነቱ ከጥግ ሆኖ ሰምቶት ኖሯል።

ለአያ ሽባባው አልነገርናቸውም። መንገዱን ያን ያህል በጥንቃቄ ይዘውት፣ ነገሩን የገለጠው ጥንቃቄያቸው ነው ብንላቸው ያዝናሉ። እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ይስቁ እንደነበረ አውቃለሁ። ምናልባትም ዋናውን ሥራ ያስተማሩት እርስዎ ስለሆኑ ትንሽ ይቆጡም ነበር። «ሰው ስታስጠነቅቅ፣ ሰላምታውን እንደለመደው እንዲሰጥ ንገረው» የሚሉ ይመስለኛል። ይህን ለሚቀጥለው እይዛለሁ።

ምንይችል ትናንት ወደ ሥራው ተመለሰ። አብሬው እስከ መናኸሪያ ሄድኩ፤ በዚያው መንገድ፣ አሁን በጥቁር ልብሴ። የቀርከሃው ሽማግሌ ከሩቅ አይተውን «የአየነው ልጆች፣ እግዜር ያጽናችሁ» አሉ። ሀብቱ ጡሩምባውን እያስጮኸ «የአየነው ልጅ፣ ና ግባ፣ መኪናው ሊሞላ ነው» ብሎ ተጣራ። ምንይችል ዞር ብሎ አየኝና ከስንት ቀን በኋላ ከልቡ ሳቀ። እኔም ተመልሼ የሱቄን ሁለተኛ መዝጊያ ከፈትኩ።

ዳማ ደህና ነው። በአዊኛ ላናግረው እየሞከርኩ ነው፤ ጆሮውን ያቆምና ዝም ብሎ ያየኛል፣ እንደሚታዘበኝ ነው። አንድ ቀን ይሰማኛል። ያለ ሰው እንዳይውል፣ በፈረስ በዓሉ ወራትም ከፈረሰኞቹ ጋር ሳይወጣ እንዳይቀር እኔ አለሁ። እርስዎ በሰላም ይረፉ። እዚህ ያለነውን ሰው ከእንግዲህ «የአየነው ልጅ» እያለ በስማችን ባይጠራንም አይክፋዎ፤ እኛም አይከፋንም።

የአየነው ልጅ፣
እመቤት
ከቆሰበር