ያልተጣደው የልደት ሾርባ

የበኩር ልጄ ጁን-ቴ፣ የአባቶችህ መንፈስ ከፊትህ ይቅደም። ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ና-ሬ ናት።

ሐሙስ ልደትህ ነው፤ በየልደትህ የማበስልልህን የባሕር ቅጠል ሾርባ ግን ዘንድሮ አልሠራም። በዚያው ቀን ቶኪዮ ለፊልም ተዋናይነት ትፈተናለህ፤ ያ የሚያሙለጨልጭ ቅጠል አንሸራትቶ ከፈተናው እንዳይጥልህ ፈራሁ። ዓሣ ሻጯ ዛሬም «ትንሹ ልዑላችን መቼ ነው የሚነግሠው?» ብላ ሳቀችብኝ። የምታውቀው በሰባት ዓመትህ የተወንከውን ልዑል እንጂ አንተን አይደለም።

ባለፈው ፈተና ሲጥሉህ ስልክህን ዘግተህ ጠፋህ፤ በራስህ ላይ ክፉ እንዳታደርግ ፈርተን በየድልድዩ ስምህን እየጠራን ዞርን። ሁለተኛ አልችለውም፣ ልጄ። አለፍክም ወደቅክም ደውልልኝ። ቅጠሉን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ድምፅህን ስሰማ እጥደዋለሁ። ዕድሜህ ከዕድሜዬ ይርዘም።

እናትህ

ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ይህን ስታስጽፈኝ ስልኩን ከእጇ አላስቀመጠችም። ና-ሬ።