እህቱ ትወቅ

ይድረስ ለእትዬ ዛራ፣ ኮምቦልቻ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ ዛሬም ከታች ሆነሽ ነው ሰው የምትጠሪው? ሙስዓብ ያን ጥርሱን ተነቀለ? ላሟስ ወለደች? የመስጊዱ ጣሪያ አለቀ? እኔ በየደብዳቤው ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ እያልኩ እጽፍልሽ ነበር። ዛሬ ያቺን መስመር ዘልያታለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምታቋርጪኝ ነው።

መጀመሪያ፣ አዲስ ሥራ ይዣለሁ። እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ያለው የመጋረጃ ሱቄ እንዳለ ሆኖ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ እየሄድኩ እታመማለሁ። አትደንግጪ፣ ሙያ ነው። ዶክተር አኪኒ የምትባል የቤተሰብ ሕክምና መምህርት መጋረጃ ልትገዛ መጥታ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ፣ ሲዋሹ ፊትዎ አይለዋወጥም፣ ተማሪዎቼ የሚለማመዱበት፣ በሽተኛ መስሎ የሚቀርብ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው የምፈልገው አለችኝ። መጋረጃውን ሳትገዛ ሄደች።

የቤተሰብ ሐኪም ሲባል የሀብታም ቤት ሐኪም ይመስለኝ ነበር። ለካ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም የሚያክም፣ ቤታቸውን የሚያውቅ፣ ከዳኑ በኋላም የማይረሳቸው ኖሯል። ለዚህ ትምህርት ዩኒቨርሲቲው የሰጣት አራት ሳምንት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ መምህራን የእንግዳ አቀባበል ኮርስ እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም እናንተ ስለ ጉበቱ አስተምሩ፣ እኔ ስለ ባለቤቱ አስተምራለሁ ትላቸዋለች። እንግዲህ ባለቤቱ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ፈተና ነበር። የተሰጠኝ ራሱን የሚያመው፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን በድብቅ ያቋረጠ ሰው ሆኜ እንድቀርብ ነው። ማቋረጤን የምናገረው ቤትዎ ማን አለ ብሎ ለጠየቀኝ ብቻ ነው። አምስት ተማሪዎች ገብተው ወጡ። አንዱ ዓይኔ ላይ ባትሪ አበራ፣ አንዱ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታኝ፣ ሌላው ስሜን ሳይጠይቅ ራጅ አዘዘልኝ። ስድስተኛዋ ላሚያ ነበረች፤ ወላጆቿ ከሞያሌ የመጡ፣ እሷ ግን እዚሁ ኢስትሊ የተወለደች። የያዝኩትን ብርጭቆ አየችና በስዋሂሊ፣ ምዜ (እዚህ ሽማግሌን እንዲህ ነው የሚጠሩት)፣ ከገባሁ ወዲህ ይሄ ሦስተኛ ብርጭቆ ውሃዎ ነው፤ ቁርስ ምን በሉ፣ ከማን ጋር በሉ አለችኝ።

በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ቁርስ የሚባል ነገር የለም። አፌ ሳያማክረኝ በአማርኛ፣ ዳቦ በእህቴ ማር፣ ብቻዬን አለ።

እትዬ፣ ስኳር አለብኝ። ከተነገረኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ክኒኑን የምውጠው ትዝ ሲለኝ ነበር። አባታችን እግሩ እስኪቆረጥ ድረስ ቁስሉን ስታጥቢ ስላየሁ፣ የዚያን በሽታ ስም ደግሜ ቤትሽ ለማስገባት አልደፈርኩም። በየረመዳኑ በነጋዴዎች የምትልኪልኝን ማር ተቀብሎ አለመብላት ደግሞ አንቺን መካድ መሰለኝ። ስለዚህ በላሁ፣ የጣሳው ሥር እስኪታየኝ።

ላሚያ ይህን ሁሉ እዚያው ከአፌ ሰማች። አማርኛዋ ግማሹ ስዋሂሊ ነው፤ እህትዎ ያውቃሉ ወይ ያለችው ግን ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ወረቀቷ ላይ የደም ስኳር ምርመራ አዘዘችና ከሥሩ ሁለት ቃል ጨመረች፦ እህቱ ትወቅ።

አብረው የሚፈትኑት አዛውንት የቀዶ ሕክምና መምህር፣ የደም ግፊቱን አላገኘችውም፣ ዜሮ ነው የሚገባት አሉ። ዶክተር አኪኒ ሰውየው የሌለበትን በሽታ አላገኘሽም ተብሎ ዜሮ አይሰጥም አለች። ክርክሩ አልተቋጨም። እኔም ለእንጀራዬ ሰግቻለሁ፤ እውነት የሚናገር በሽተኛ ፈተና ያበላሻል። ላሚያ ግን የፈተናውን ውጤት ሳትጠብቅ ማክሰኞ ሱቄ መጥታ ልትጠይቀኝ ቀጠሮ ይዛለች። ክኒኑን ከሐሙስ ጀምሮ ሳላስታጉል ወስጃለሁ። ከትእዛዙ የቀረኝ ይህ ደብዳቤ ነበር።

ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ነጋዴዎቹ ሳይነሡ ይድረስሽ። ዘንድሮ ማሩን አትላኪ። ይልቅ ደውለሽ ተቆጪኝ፤ እኔ አላቋርጥሽም።

ባለቤትሽን ጋሽ ሱሀይብን ሰላም በይልኝ፤ ይህን ሲያነቡልሽ ሬዲዮኑን ዝቅ ያድርጉት። ትንሿን ራጃን ሳሚልኝ፤ እግሮቼ ሁለቱም ቦታቸው ላይ እንዳሉ ንገሪያት፣ ማልቀስ ትወዳለችና። የኔ ድርሻ ማር ለሙስዓብ ይሰጠው፤ የቀሩትን ጥርሶቹን ግን ይጠብቅ።

ከናፍቆትሽና ከስኳር በቀር ደህና ነኝ።

ወንድምሽ ኑሬ
ናይሮቢ፣ ኢስትሊ
ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.