የወንድሜን ስም የያዘው ሰው

ሰኞ
ጀማልን ያዙት። ወንድሜን። ከቢዮ አዋሌ ገጠር ቲማቲም ጭኖ ወደ ቀፊራ ገበያ ሲመለስ ኬላ ላይ መታወቂያውን አዩና ከፒካፑ አስወረዱት። የሌላ ክልል ፖሊስ ስሙን የላከው ተፈላጊ አለ አሉ፤ ሰው በጩቤ ገድሎ የተሰወረ። ስሙ እስከ አያት ድረስ ከጀማል ጋር አንድ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀፊራ መሀል ቆሞ «ጀማል አህመድ» ብሎ ለሚጣራ ሰው ግማሹ ገበያ ነው የሚዞርለት።

ማክሰኞ
ምሳውን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ፖሊስ ፓስታውን በማንኪያ አገላብጦ አየና አስገባልኝ። ሳጅኑ የሰፈራችን ልጅ ነው።
«አቦ፣ ጀማልን አጣኸው እንዴ? ዶሮ ሲታረድ የሚሸሽ ሰው» አልኩት።
«እኔማ አውቀዋለሁ። የላኩት ናቸው የማያውቁት። ስም ብቻ ነው የላኩልን፤ ፎቶና የእናት ስም ጨምሩ ብለናቸዋል።»
«እስኪጨምሩስ?»
«እዚሁ ይቆያል። ቀድመው ራሳቸው ከመጡ ግን ተረክበውት ይሄዳሉ።»
ፎቶው ይቅደም፣ ያ ረቢ።

ረቡዕ
ፎቶ የለም። እማ ስትጠይቀኝ መኪናው ተበላሽቶበት ነው አልኳት።
አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዓምና ለጓደኛው ሠርግ ብሎ ስሙን ወደላከው ክልል ሄዶ ነበር። የተመለሰው በሌላ ሸሚዝ ነው። ያኔ ሚስት ሊያመጣልን ነው ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። ዛሬ ልብሱን ሳጥብ እጅጌውን ገልብጬ አየሁ። ምን ልታገኚ ነው፣ ሐያት?

ሐሙስ
የተፈላጊው እናት ስም መጣ። ፋጡማ። የኛም እማ ፋጡማ ናት። ሳጅኑ ሲነግረኝ ፊቴን አላየም። ሊረከቡት የሚመጡት ሰዎች ተነስተዋል አለኝ።
ከመግሪብ በኋላ እማ ዱዓ ስታደርግ፣ «ልጄን» ባለች ቁጥር ሌላ ፋጡማ ከጎኗ ሆና አብራት የምትል መሰለኝ። መብራቱን አበራሁ።

ቅዳሜ
ፎቶው ቀደመ። ትናንት ከሰዓት በሳጅኑ ስልክ ገባ። ሌላ ሰው ነው፤ አንገቱ ቀጭን፣ ፀጉሩ የሸሸ። አልሐምዱሊላህ እያልኩ ዓይኔን ከፎቶው ማንሳት አቃተኝ። እስከ አሁን ይታየኛል።
ጀማል ተፈታ። ሳጅኑ ሲሸኘን፣ «የያዝነው እሱ አይደለም ብለን ልከንላቸዋል። ስሙን ለስንት ከተማ እንደበተኑት ግን አላውቅም» አለን።

እሑድ
ጀማል ከቤት አልወጣም። ምሳ ላይ፣ «እዚያ ሁሉም እንደ ገዳይ ነበር የሚያየኝ» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «አንቺስ?»
ሩዝ ጨመርኩለት። «ብላ፣ ከስተሃል» አልኩት።
ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ነገ በዚያው ኬላ አልፎ ወደ ቢዮ አዋሌ ሊወጣ ነው።