ውኃው ለአንድ ሰዓት ቢሸሽ

አዲሱ ሳንታ ሮሲና፣ ሐምሌ 9 ቀን 2023

ለውድ ልጄ ለኤርሲሊያ፤ ቪጎ

ጀልባ ተከራይቼ ሐይቁ ላይ አልወጣሁም። የአክስትሽ ልጅ ኔሊዳ እንዲህ ብላ እንደጻፈችልሽ ሰምቻለሁ። ጀልባ እንደሚያዞረኝ ታውቂያለሽ፤ በሰማንያ ስምንት ዓመቴ አልጀምረውም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ስልክ ላይ ለቀረበ ጥያቄ መልስ መስጠት ብቻ ነው።

ግድቡ ያሰጠመው የድሮው ከተማችን ሰዎች በስልክ የምንጻጻፍበት ቡድን አለን፤ ሁለት መቶ ያህል እንሆናለን። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ኦስማር፣ እሱም አሁን ሰባ ደፍኗል፣ ባለፈው ሰኞ "ውኃው ለአንድ ሰዓት ቢሸሽ ከቤታችሁ ምን ታወጣላችሁ?" ብሎ ጠየቀ።

ያ ሁሉ ውኃ በአንድ ሰዓት ወዴትም እንደማይሄድ ጻፍኩለት። የሰማኝ የለም። አንዱ "ሰዓቱ መንገዱን ይጨምራል?" አለ። ሌላው "ጭቃውስ? ቦቲ ጫማ ይፈቀዳል?" የዳቦ ቤቷ ኢርማ፣ "ኦስማር፣ ከአንተ ቤት የሚወጣው የአባትህ ደነዝ ምላጭ ነው፤ ወንድሜን ጆሮውን የቆረጠበት!" ብላ አሳቀችን። "የእናንተ ቤት ጆሮማ ወሬ ሲለቅም ረዝሞ መንገድ ዘጋበት" አላት።

በሦስተኛው ቀን ግን "ቢሸሽ" የሚል ጠፋ። "በእኛ በር ስታልፉ አንኳኩ" ይባባሉ ጀመር። ኢርማ ቀድማ ሄዳ ምድጃውን ልታቀጣጥል ቃል ገባች። እኔም ማን ከማን ጎን ይኖር እንደነበር ሲሳሳቱ አረምኳቸው፤ ቤቶቹን በተራ ጻፍኩላቸው። ስጽፍ መንገዱ ከእግሬ ሥር ይታየኝ ነበር፤ እርጥብ፣ አረንጓዴ፣ ዓሣዎች በመስኮቶቹ ሲገቡ ሲወጡ፣ ሙታኑ በየደጃቸው ወንበር አውጥተው። ማንም አይቸኩልም። እኛ ቤት ስደርስ እጄ ቆመ።

"እትዬ ዴልሚራ፣ ሁላችንንም አረሙን፤ የራስዎን መልስ ግን አልሰጡም" አለኝ ኦስማር።

"ምንም አላወጣም። የበሩን መወርወሪያ ከፍቼ እመለሳለሁ" ብዬ ጻፍኩ።

በኋላ ኦስማር "ጭቃው ያንሸራትታል፤ እኔ ክንድዎን እይዛለሁ" አለ። ይህን ያነበበ እውነት የምንሄድ መስሎት ነው የጀልባው ወሬ የተነሣው።

ለእነሱ ያልጻፍኩትን ለአንቺ ልጻፍ። ከዚያ ሰው ጋር በሄድሽ በወሩ፣ በቀትር እንቅልፍ ሰዓት ተመልሰሽ ስታንኳኪ ተኝቼ እንደነበር አርባ አምስት ዓመት ስናገር ኖሬአለሁ። አልተኛሁም። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። ሦስት ጊዜ አንኳኳሽ። በአራተኛው ልከፍት ቆርጬ ነበር። አራተኛ አልነበረም።

ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን መነኮሳት ደብዳቤ በልመና አይዘጋም ብለው አስተምረውኛል፤ ስለዚህ አልለምንሽም። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የባሕሩ ብርድ አይድረስብሽ።

ነገ መጀመሪያ የኋለኛውን ክፍል መስኮት እከፍታለሁ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ቀጥሎ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገባለሁ። ስመለስ አውቶቡስ ጣቢያው ጎራ ብዬ ከቦነስ አይረስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ እጠይቃለሁ።

እናትሽ ዴልሚራ