ከጓሮ የተቆፈረው መሸሸጊያ

ይድረስ ቁስቋም ላለችው እታለም ሥርጉት፤

ሰላምታዬ ጭቃ ሳይነካው ይድረስሽ። እኛ ከመድከማችን በቀር ደህና ነን።

ዐውሎ ነፋሱ የጎረቤታችንን የአያ አለነን ጣራ ቢወስድበት፣ ቀበሌው «ክረምቱ እስኪያልፍ ትምህርት ቤት ተጠለሉ» አለ። እማማና እኔ ወረድን። አባባ ግን «ቤቴን ለንፋስ ትቼ አልሄድም» ብሎ ከጓሮ ያለውን ዳገት ቆፍሮ መሸሸጊያ ሠራ። አፈሩን ስሸከም ወገቤ ተቆረጠ። ጣራ የሌለው መሐንዲሳችን አያ አለነም «ሸጋ ነው!» ብሎ መረቀለት።

ዝናብ በመጣ ቁጥር አባባ ከሁለት ፍየሎች ጋር እዚያ ይገባል። ሰሞኑን ፍየሎቹ እምቢ ብለዋል። ግድግዳው ውሃ ያወጣል፤ እሱ «ምንጭ አገኘሁ» እያለ ጣሳ ደቅኖበታል።

ዛሬም ደመናው ከብዷል፤ ዳገቱ እንዳይናድበት ፈርተናል። እባክሽ፣ ይህን ባመጣልሽ ሹፌር «አባባ፣ አሞኛል፣ ድረስልኝ» ብለሽ ላኪበት፤ ያንቺን ከሰማ ጫማውን ሳያጠልቅ ይመጣል። ለውሸቱ ንስሐ እኔ እገባልሻለሁ።

ጤናሽን ይስጥልን፤
ታናሽሽ የትነበርሽ